ቤታችን ፎቅ ወጣ፣ ከሰሉም አብሮን ወጣ! (የኮንዶሚኒየም ኑሮና ጤናችን)

 

እስቲ መሀል ከተማ ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ እጃችሁን አውጡ። ልደታ፣ ጎተራ፣ ባልደራስ፣ ሰንጋ ተራ... የዛሬው ጽሑፍ የእናንተ ነው። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። (ቡናው በምን እንደሚፈላ ደግሞ ወረድ ብለን እናወራለን።)

በውስጥ መስመር በብዛት የሚደርሱን ጥያቄዎች እነዚህን ይመስላሉ፦

🔹 «ዶክተር፣ ቤት ውስጥ ስውል ራሴን ያመኛል፣ ውጪ ስወጣ ይተወኛል። ምንድነው?»
🔹 «ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል። የልብ በሽታ ይሆን?»
🔹 «ልጄ ዓመት ከስድስት ወር ሆኖታል፣ እስካሁን አልሄደም።»
🔹 «እናቴ አዲሱ ቤት ከገባን ወዲህ ከቤት አልወጣ አለች። ምግብም ቀንሳለች።»

የተለያዩ ጥያቄዎች ይመስላሉ አይደል? አንዳንዴ ግን መነሻቸው አንድ ነው፤ አራተኛ ፎቅ!

የአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ከ1997 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ሲስፋፋ ብዙ ሰው ከግቢ ቤት ወደ ፎቅ ወጥቷል። የራስ ቤት፣ የራስ መፀዳጃ፣ የራስ ቁልፍ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው፤ ለጤናም ይጠቅማል። ችግሩ ሌላ ጋ ነው። ቤቱን ቀየርን እንጂ ልማዳችንን አልቀየርንም። ሰፊ ግቢ ውስጥ ምንም የማያደርሰው ነገር ሁለት መስኮት ባለው ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ሰው ሊገድል ይችላል። ግቢ ውስጥ ሳናስበው በነፃ እናገኘው የነበረው ፀሐይ፣ እንቅስቃሴና የጎረቤት ጨዋታ ደግሞ ፎቅ ላይ ሆን ብለን ካልፈለግነው አይገኝም።

እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው። ከሚገድለው እንጀምር።

🔥 1. ከሰል፦ ሽታ የሌለው ገዳይ

ግቢ ቤት ውስጥ ከሰል የሚቀጣጠለው ደጅ ነበር። ቤት ቢገባም ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በሩ ክፍት፣ ግድግዳው ቀዳዳ ያለው ስለነበር አየር ይዘዋወራል። የኮንዶሚኒየም ክፍል ግን ብሎኬትና ኮንክሪት ነው። ብርድ ነው ብለን መስኮቱን ስንዘጋው እንደ ክዳን ያለው ድስት ይሆናል።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይሄ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ አያስልም። ሳንባ ከገባ በኋላ ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ላይ ይለጠፋል። ከሄሞግሎቢን ጋር የመጣበቅ ጉልበቱ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ነው። ኦክስጅኑ ቦታ ያጣል ማለት ነው። ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር በደንብ ያዙልኝ። «ከሰሉ ቀልቷል፣ ጭሱ ሄዷል፣ አሁን ይግባ» እንላለን። ጭሱ መሄዱ እውነት ነው። ካርቦን ሞኖክሳይዱ ግን አልሄደም። ቀልቶ የሚያምረው ፍም ያለ ጭስ ብዙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። እንዲያውም ጭሱ ይሻል ነበር፤ ቢያንስ ዓይን አቃጥሎ ያስወጣናል።

አደጋው የሚበዛው መቼ ነው?

📌 በክረምትና በኅዳር ብርድ፣ ምድጃው «ለሙቀት» መኝታ ክፍል ሲገባ
📌 አራስ ቤት፣ «አራሷና ሕፃኑ እንዳይበርዳቸው» ተብሎ
📌 መብራት ጠፍቶ እራት በከሰል ሲሠራ
📌 ልብስ አልደርቅ ብሎ ከምድጃ አጠገብ ሲሰጣ
📌 ቡና ከተጠጣ በኋላ የተረፈው ፍም ኮሪደር ላይ ተትቶ ሲተኛ

ፅንስና ሕፃናት ከትልቅ ሰው ይልቅ ይጎዳሉ። ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ውስጥ እናትየው «ትንሽ ራሴን አዞረኝ» ብላ ስትነሳ፣ ሆድ ውስጥ ያለው ልጅ የበለጠ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል።

ምልክቶቹን ከጉንፋን ወይም ከጨጓራ ጋር ማምታታት ቀላል ነው፦ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ የእግር መክዳት፣ ግራ መጋባት። ለመለየት የሚረዳችሁ ይሄ ነው፦ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ካመመው፣ ወይም ውጪ ስትወጡ የሚሻላችሁ ከሆነ፣ ምግቡን ከመጠርጠራችሁ በፊት ከሰሉን ጠርጥሩ።

እንዲህ አይነት ነገር ቢያጋጥማችሁ፦

✅ በርና መስኮት ክፈቱ፤ የተጎዳውን ሰው ወዲያው ወደ ንፁህ አየር አውጡት። ራሳችሁ ውስጥ አትቆዩ፤ ለማዳን የገባ ሰው አብሮ የሚወድቅበት ጊዜ አለ።
✅ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ።
✅ ራሱን ስቶ የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ አስተኙት። የማይተነፍስ ከሆነና የምታውቁ ከሆነ ደረቱን መጫን ጀምሩ።
❌ ወተት፣ ሎሚ፣ ውሃ አታጠጡ። ወተት ይሄንን ጋዝ ከደም አያወጣም፤ ራሱን የሳተ ሰው ደግሞ ሳንባው ይገባል።
✅ ሆስፒታል ስትደርሱ «ቤት ውስጥ ከሰል ነበር» ብላችሁ ንገሩ። ይሄ አረፍተ ነገር ሕክምናውን ይቀይራል። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ካርቦን ሞኖክሳይድን ከኦክስጅን ስለማይለይ ቁጥሩ ጥሩ መስሎ ሊታይ ይችላል።

«አሁን ነቅቷል፣ ተሽሎታል» ብላችሁ ቤት አታስቀሩት። በተራ አየር ጋዙ በግማሽ እንኳ እንዲቀንስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል። ሆስፒታል በሚሰጠው ንፁህ ኦክስጅን ግን ጊዜው በጣም ያጥራል። አንዳንድ ሰው ላይ ደግሞ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ የመርሳትና የባሕርይ ለውጥ ሊመጣ ስለሚችል ክትትል ያስፈልገዋል።

ታዲያ ቡናውስ? ቡና አትጠጡ የሚል ሐኪም እዚህ የለም 😊 በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላል። የግድ በከሰል ከሆነ ክፍት በረንዳ ላይ ይሁን፣ ወደ ውስጥ የሚያስገባው በር ይዘጋ፣ ሲያልቅ ፍሙ በውሃ ይጥፋ። በረንዳችሁን በአልሙኒየምና በመስታወት ዘግታችሁት ከሆነ ግን በረንዳ መሆኑ ቀርቷል፤ ክፍል ሆኗል። እዚያም ከሰል አይቀጣጠልም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣላችሁ?» ሲላችሁ፣ ከሽቶና ከጫማው ጎን የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ አምጣ በሉት። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ ጋዙ ሲበዛ ይጮሃል።

👶 2. በረንዳውና ልጁ

ግቢ ቤት ውስጥ ልጅ ቢወድቅ ጉልበቱ ይላጣል። ፎቅ ላይ ያለው አወዳደቅ ግን ሌላ ነው።

ልጅ ከበረንዳ የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ አጥሩ አጭር ስለሆነ ብቻ አይደለም። መወጣጫ ስላገኘ ነው። መወጣጫውን ያስቀመጥነው ደግሞ እኛው ነን፤ ጀሪካን፣ የተገለበጠ ባልዲ፣ የአበባ ጣሳ፣ ዱካ፣ አሮጌ ሶፋ። ለውሃ ፈረቃ ብለን በረንዳው ጠርዝ ላይ የደረደርናቸው ጀሪካኖች ለሦስት ዓመት ልጅ ደረጃ ናቸው።

ዛሬውኑ ይሄን አድርጉ፦

✅ ከበረንዳ አጥርና ከመስኮት ሥር ልጅ ሊቆምበት የሚችል ማንኛውንም ነገር አንሱ። አልጋና ሶፋም ከመስኮት ይራቅ።
✅ የብረቱን ክፍተት ለኩት። ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ትንሽ ልጅ ሊሾልክበት ወይም ጭንቅላቱ ሊቀረቀርበት ይችላል። መረብ ወይም ተጨማሪ ብረት አሠሩለት።
✅ የበረንዳ በር ላይ ልጁ የማይደርስበት መቀርቀሪያ ይኑር።
✅ መስኮት ለመጥረግ ወይም ልብስ ለማስጣት ወደ ውጪ መንጠልጠል ለማንም አይፈቀድ። የቤት ሠራተኛችሁንም «ውጪውን መስታወት አጽጂው» አትበሏት። መስታወት ቢቆሽሽ ማንም አይሞትም።

የመታጠቢያ ክፍሉንም አትርሱት። ውሃ ሲመጣ ሳፋውንና በርሜሉን ሞልተን ክፍት እንተዋለን። ገና የሚድኽ ወይም መሄድ የጀመረ ልጅ በጥቂት ሳንቲ ሜትር ውሃ ውስጥ በፊቱ ከተደፋ መነሳት ያቅተዋል። ድምፅም አያሰማም። ውሃው ይከደን፣ የመታጠቢያ ቤቱም በር ይዘጋ።

🪜 3. ደረጃው፦ ወዳጅም፣ መርማሪም

ብዙዎቹ ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየሞች ሊፍት የላቸውም። አራተኛ ፎቅ ለመድረስ ከ60 እስከ 80 ደረጃ ይወጣል። እንደ ሰንጋ ተራው 40/60 ያሉ ረጃጅም ሕንፃዎች ሊፍት አላቸው፤ መብራት ሲጠፋ ግን እነሱም ደረጃ ናቸው።

ጤነኛ ለሆነ ሰው ይሄ በረከት ነው። ለጂም መክፈል የለ፣ ጫማ መቀየር የለ። ደረጃ መውጣት ልብን፣ ሳንባን፣ የጭን ጡንቻን ያጠነክራል፤ ስኳርና ደም ግፊትን ለመቆጣጠር ያግዛል። ስለዚህ ስትወጡ አታማርሩ።

ደረጃ ሁለተኛም ሥራ አለው። በየቀኑ ነፃ ምርመራ ያደርግላችኋል። ከቀዶ ሕክምና በፊት ሐኪሞች «ሁለት ፎቅ ሳያርፉ መውጣት ይችላሉ?» ብለው የሚጠይቁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ልብና ሳንባ ጫና ሲመጣባቸው ምን ያህል እንደሚችሉ ያሳያል።

ታዲያ «ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል» ላላችሁን መልሱ እንዲህ ነው። ልብ መምታቱና መተንፈሱ በራሱ በሽታ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አየሩ ውስጥ የሚደርሰን ኦክስጅን ያንሳል። ከድሬዳዋ፣ ከአፋር ወይም ከዓረብ አገር የመጣ እንግዳ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቢያለከልክ አትሳቁበት።

ማየት ያለባችሁ ለውጡን ነው። ባለፈው ዓመት በአንድ ትንፋሽ የምትወጡትን ደረጃ ዛሬ ሁለት ጊዜ አርፋችሁ ከሆነ የምትወጡት፣ ሰውነታችሁ የሆነ ነገር እየነገራችሁ ነው። ደም ማነስ፣ አስም፣ የልብ ድካም ሊሆን ይችላል። ወጣቶችም ብትሆኑ አትናቁት። በልጅነት ከሚደጋገም የጉሮሮ ሕመም ተነስቶ የሚመጣው የልብ ቫልቭ በሽታ እኛ አገር የሚያጠቃው በአብዛኛው ልጆችንና ወጣቶችን ነው።

🚨 ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ጋ የሚያስሄዱ፦

📌 ደረጃ ስትወጡ ደረት ላይ የሚጫን፣ የሚጨመድድ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ሲያርፉ የሚተው ሕመም (ሲያርፉም ካልተወ አሁኑኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል!)
📌 ደረጃ ላይ ራስ መሳት
📌 በጀርባ ተኝቶ መተንፈስ ማቃት፣ ትራስ መደራረብ፣ እግር ማበጥ
📌 ነፍሰ ጡር ሆና ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም የፊትና የእጅ እብጠት

ጉልበታችሁን ለሚያማችሁ አንድ ቀላል ሕግ ላስታውሳችሁ፦ ወደ ላይ ደህናው እግር ይቅደም፣ ወደ ታች የታመመው ይቅደም። የእጅ መደገፊያውን ያዙ። መውረድ ከመውጣት ይቀላል የሚመስለን ለትንፋሽ ነው፤ ጉልበትን ግን መውረድ ይበልጥ ይፈትነዋል።

💧 4. ጀሪካኑ፦ ከወገብ እስከ ሆድ

አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። ውሃ በጠፋ ሳምንት ይሄንን አራተኛ ፎቅ በቀን ሦስት ጊዜ ማውጣት የቀን ሠራተኛ ሥራ ነው። ልዩነቱ የቀን ሠራተኛው ይከፈለዋል 😊

ከቻላችሁ 20 ሊትሩን በሁለት ባለ 10 ሊትር ተኩት፤ ክብደቱ በሁለት እጅ እኩል ሲከፈል ወገብ አይጎብጥም። ስታነሱ ከጉልበታችሁ እጠፉ፣ ወደ ሰውነታችሁ አስጠጉት። በየፎቁ አሳርፉት። ነፍሰ ጡር፣ በቅርብ የወለደች፣ የሆድ ቀዶ ሕክምና ያደረገ፣ ቡአ ያለበት ወይም የማሕፀን መውጣት የጀመራት ሴት ጀሪካን አይሸከሙ። አራስ እናት በቀዶ ሕክምና ከወለደች ለሳምንታት ከልጇ የሚከብድ ነገር ማንሳት የለባትም። ጀሪካኑን የምታወጣው የቤት ሠራተኛችሁ ከሆነች፣ ይሄ ምክር እሷንም ይጨምራል። የ16 ዓመት ልጅ ወገብ ብረት አይደለም።

ወደ ውሃው ንፅህና እንምጣ። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ቧንቧው ባዶ በሚሆንበት ጊዜ ግፊቱ ስለሚወርድ በስንጥቁ በኩል ቆሻሻ ሊስብ ይችላል። ስለዚህ፦

✅ ፈረቃው ሲመጣ የመጀመሪያውን ውሃ ለመጠጥ አትቅዱት። ለመፀዳጃ ቤትና ለወለል ይሁን፤ ጠርቶ ሲወርድ ለመጠጥ ቅዱ።
✅ የመጠጥ ጀሪካን የራሱ ይሁን፤ አፉ ጠባብ፣ ክዳን ያለው። በየጊዜው በሳሙና ይታጠብ። ጣሳ ነክሮ ከመቅዳት ቀድቶ መገልበጥ ይሻላል።
✅ የምታፈሉ ከሆነ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ቆዩ። ባሕር ጠለል አካባቢ ላለ አገር 1 ደቂቃ ይበቃል። እኛ ከፍታ ላይ ስለሆንን ውሃችን የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለዚህ ነው ጊዜው የሚጨምረው። በተለይ የሕፃን ወተት የምትበጠብጡ ይሄን ልብ በሉ።
✅ እንደ ውሃ አጋር ያለ ማከሚያ ስትጠቀሙ እሽጉ ላይ የተፃፈውን መጠን ተከተሉ፤ ቢያንስ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትጠጡ።
✅ ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ክዳኑ ገጥሟል? ለመጨረሻ ጊዜ የታጠበውስ መቼ ነው? የሚያስታውስ ሰው ከሌለ መልሱ ታውቋል።

☀️ 5. ፀሐይ በመስታወት አትሞቅም

«ልጄን እኮ በየቀኑ ፀሐይ አሞቀዋለሁ፤ ሳሎን ፀሐይ ይገባል» የምትለን እናት ብዙ ናት። ችግሩ መስታወቱ ነው። ቆዳችን ቫይታሚን ዲ የሚሠራበትን የፀሐይ ጨረር የመስኮት መስታወት አያሳልፈውም። ሙቀቱ ይገባል፣ ብርሃኑ ይገባል፣ ጥቅሙ ውጪ ይቀራል።

ግቢ ቤት ውስጥ ልጁ ሲድኽም ሲጫወትም ደጅ ስለነበር ማንም ሳይጨነቅለት ፀሐይ ያገኝ ነበር። አራተኛ ፎቅ የተወለደ ልጅ ግን እናቱ ካላወጣችው ሳምንቱን ሙሉ ውስጥ ሊውል ይችላል። ቫይታሚን ዲ ሲያንስ አጥንት አይጠነክርም፤ ሪኬትስ ይመጣል። ምልክቶቹ፦ ዘግይቶ መሄድ፣ ጥርስ መዘግየት፣ የእግር መንጋደድ፣ የእጅ አንጓ መወፈር፣ ሲተኛ ጭንቅላቱን ማላብ።

ሕፃኑን ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ እጅና እግሩ ተገልጦ፣ ዓይኑ ከፀሐይ ተከልሎ፣ ሳይቀባ ያሙቁት። ክፍት በረንዳ ላይ ወይም ታች ግቢ። ፀሐይ የማታገኙ ከሆነ የቫይታሚን ዲ ጠብታ አለ፤ መጠኑን ሐኪም ይወስን። መሄድ የዘገየ ልጅ ሁሉ ሪኬትስ አለበት ማለት ስላልሆነ፣ 18 ወር ሞልቶት ያልሄደ ልጅ መታየት አለበት።

🔊 6. ጩኸቱና አቧራው

መሀል ከተማ ከሆናችሁ ታች ጭፈራ ቤት፣ ፊት ለፊት ታክሲ ተራ፣ ጎን ላይ አዲስ ግንባታ አለ። «ለምደነዋል» ትላላችሁ። ጆሯችሁ ይለምዳል እንጂ ልባችሁ አይለምድም። ተኝታችሁም ድምፅ ሲመጣ የልብ ምትና የደም ግፊት ከፍ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ የሌሊት የመኪና ድምፅ ከ45 ዴሲቤል በታች እንዲሆን ይመክራል። ዝግ ብሎ ከማውራት ብዙም አይርቅም።

መንገዱን አናዘጋው። ግን የመኝታ ክፍሉን ከመንገድ ወደ ግቢ ማዞር፣ ወፍራም መጋረጃ መስቀል፣ የጆሮ መድፈኛ መጠቀም ይቻላል። መስኮት የሚከፈተው መኪና በሚቀንስበት ሰዓት ቢሆን ይመረጣል፤ ጠዋት ከሥራ መግቢያ በፊት ወይም ረፋድ ላይ። አቧራውን በደረቅ መጥረጊያ ከማንሳት በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ይሻላል። አስም ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ዕጣን በየቀኑ አይጨስ፤ ሽታው ቢያምርም ጭስ ጭስ ነው።

👵 7. ፎቅ ላይ የቀሩ እናቶችና አባቶች

ይሄንን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ።

ብዙ አዛውንቶች ወደ ፎቅ የወጡት ልጆቻቸው ስላሰቡላቸው ነው። «እማዬ ከዚያ ከሚያፈስ ቤት ትውጣ» ብለን ወስደን ንፁህ ክፍል፣ ጥሩ አልጋ፣ ቴሌቪዥን ሰጠናቸው። እሳቸው ግን እዚያ አሮጌ ሰፈር ውስጥ ጠዋት ደጅ ወጥተው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ጎረቤት «ቡና ጠጡ» ትላቸዋለች። ዕድር አለ፣ ማኅበር አለ፣ ሳል ከሰማ «ምነው ዛሬ?» የሚል ሰው አለ። አሁን ጉልበታቸው 70 ደረጃ አይወጣም። አንድ ጊዜ ከወረዱ መመለሱ ያስጨንቃቸዋል። ስለዚህ መውረዱን ይተዉታል።

ከዚያ የሚከተለውን በየክሊኒኩ እናየዋለን። ካልተራመዱ የእግር ጡንቻ በሳምንታት ውስጥ ይሟሽሻል። ጡንቻው ሲሟሽሽ ደረጃው ይበልጥ ይከብዳል። የግፊት መድኃኒት ያልቃል፤ ፋርማሲው ቅርብ ነው፣ ግን አራት ፎቅ ታች ነው፤ «ልጄን ላላስቸግር» ብለው ዝም ይላሉ። የስኳር ክትትል ቀጠሮ ያልፋል። እንቅልፍ ይዛባል፣ ምግብ ይቀንሳል፣ ጨዋታ ይቀራል። ቤተሰብ «እርጅና ነው» ይላል። ብዙ ጊዜ ግን ድብርት ነው፤ ድብርት ደግሞ ይታከማል።

ምን እናድርግ?

✅ በቀን አንድ ጊዜ መውረድ የቤቱ ሥርዓት ይሁን። ካልተቻለ በሳምንት ሦስት ቀን። ከልጅ ልጅ ጋር፣ በእርጋታ።
✅ ሁለተኛ ፎቅ መታጠፊያ ላይ አንድ ወንበር አስቀምጡ። ማረፊያ እንዳለ ሲያውቁ ይደፍራሉ።
✅ መውረድ ጨርሶ ለማይችሉ፣ ከወንበር ላይ ተነስቶ መቀመጥን 10 ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ ያሠሯቸው። ለጭን ጡንቻ ትልቅ ነገር ነው።
✅ መድኃኒታቸው ከማለቁ ከሳምንት በፊት ይገዛ። ስልካችሁ ላይ ቀኑን መዝግቡ።
✅ የድሮ ጎረቤት ይምጣ! ዕድራቸውን አታስወጧቸው። ቡናው እናንተ ቤት ይፈላ።
✅ የሚቻል ከሆነ የላዩን ቤት አከራይታችሁ ምድር ቤት ተከራዩላቸው፣ ወይም ከጎረቤት ጋር ተነጋግራችሁ ቤት ተለዋወጡ። ይሄ ከብዙ መድኃኒት ይበልጣል።

«መኖር ሰለቸኝ»፣ «ፈጣሪ ቢወስደኝ» የሚል ቃል ከደጋገሙ ቀልድ አድርጋችሁ አትለፉት። ሐኪም ጋ ይዛችሁ ሂዱ።

🚑 8. አደጋ ሲመጣ ማን ያወርደናል?

ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አባት ደረታቸውን ያዙ እንበል። አምቡላንስ መጣ። ብሎኮቹ ሁሉ አንድ አይነት ናቸው። ደረጃው ጨለማ ነው። ኮሪደሩ ላይ ብስክሌት፣ ጀሪካን፣ አሮጌ ቁም ሣጥን ተደርድሯል። ቃሬዛው አይታጠፍም። እነዚህ ደቂቃዎች የልብ ጡንቻ የሚሞትባቸው ደቂቃዎች ናቸው።

✅ የብሎክና የቤት ቁጥራችሁን በትልቁ ጽፋችሁ በር ጀርባ ለጥፉ። በድንጋጤ ሰዓት የራስ አድራሻም ይጠፋል። ከሥሩ 907ን (ቀይ መስቀል አምቡላንስ) እና 939ን (የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ) ጻፉ።
✅ አምቡላንስ ስትጠሩ አንድ ሰው በሩ ድረስ ወርዶ ይጠብቅ።
✅ ደረጃና ኮሪደር መጋዘን አይሁን። መውጫ ነው።
✅ የብረት በራችሁ ቁልፍ ሁልጊዜ አንድ ቦታ፣ ልጅም የሚያውቀው ቦታ ይሁን። እሳት ሲነሳ ቁልፍ አይፈለግም።
✅ እሳት ከተነሳ በሊፍት አትውረዱ። በጭስ ውስጥ ጎንበስ ብላችሁ ሂዱ፤ ስትወጡ በሩን ከኋላችሁ ዝጉት።
✅ ሊፍት ውስጥ ከተያዛችሁ በሩን በጉልበት አትፈልቅቁ። አየር አለ፤ ደውሉ፣ ጠብቁ።

🤝 ለአንድ ቤት ያልቻለው ለሕንፃው ይቻላል

ካነበባችሁት ውስጥ ግማሹ በአንድ ቤት አይሠራም። የደረጃ መብራት፣ የእጅ መደገፊያ፣ የሮቶ እጥበት፣ የሊፍት ጥገና፣ ለከሰልና ለእንጀራ የሚሆን ክፍት ቦታ... የጋራ ናቸው። ለዚህ ነው የነዋሪዎች ማኅበር ያለው። ብዙ ሳይት ላይ ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለእርድ ተብሎ የተሠራ ኮሙናል አለ። የእናንተው አሁን ምን እየተሠራበት ነው? መጋዘን ሆኖ ከሆነ ጠይቁ። ስብሰባ ሲጠራ «የጥበቃ ብር ነው» ብላችሁ አትቅሩ። ስለ ጥበቃው ከተነጋገራችሁ በኋላ አምስት ደቂቃ ለደረጃው አምፖል ስጡ።

አንድ ነገር ደግሞ ከግቢ ቤት ይዘን እንምጣ፤ ጎረቤትን ማወቅ። ከፊት ለፊታችሁ በር ጀርባ ማን እንዳለ፣ ስልኩን፣ አዛውንት ወይም ሕመምተኛ እንዳለ እወቁ። ለሁለት ቀን በሩ ያልተከፈተ ቤት ካያችሁ አንኳኩ።

ዛሬ ማታ ሁሉንም አድርጉ አልላችሁም። ሦስቱን ብቻ፦ ከሰሉ ከቤት ይውጣ፣ ጀሪካኑ ከበረንዳ አጥር ሥር ይነሳ፣ ስልክ ቁጥሮቹ በር ላይ ይለጠፉ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

እናንተ ፎቅ ላይ ስትኖሩ የገጠማችሁ ሌላ ምን አለ? አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልን። ይሄ ጽሑፍ ለሕንፃችሁ የቴሌግራም ግሩፕ ይጠቅማል ካላችሁ ሼር አድርጉት። ይሄ አጠቃላይ ምክር ነው፤ የእናንተን ሕመም አይቶ የሚወስነው የሚያያችሁ ሐኪም ነው።